የእሜቴ ትኩሳት

ይህ ታሪክ ከራሱ እስከ ጅራቱ እውነት ነው። ቅንጣት ታህል የተጨመረበት ነገር ካለ የተናገረው ምላስ ይታሰር፣ የሰማው ጆሮ ይደፈን። ከዚህ በላይ ምን ይማላል? ታሪኩን ሚዛን ላይ አውጡት ቢባል ሚዛኑ ራሱ «ተዉት፣ አምኛለሁ» ይላል።

እንግዲህ ረቡዕ ዕለት፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ የውሃ ታንከሩ ዳገት ወገብ ላይ፣ እሜቴ የተባለችው መኪና ሦስት ጊዜ ሳለች፣ አንድ ጊዜ ተንፈራገጠች፣ ከዚያ ጸጥ አለች።

የዕለቱ ሙቀት የሚነገር አይደለም። ቁራዎች መብረር አቅቷቸው ከጥላ ወደ ጥላ በእግራቸው ይሄዱ ነበር። አስፋልቱ ቀልጦ የአንድ መንገደኛ ጫማ አስቀርቷል፤ ሰውየው ዞር ብሎ አየውና «ይማርህ» ብሎት ሄደ። ከእሜቴ ኋላ የተሰለፈው መኪና ቢያንስ ቢያንስ ሁለት መቶ ነው። ሁለት መቶውም ጡሩምባውን ባንድ አፍ ሲለቀው ዳገቱ አናት ላይ ያለው ታንከር ውሃው ማዕበል ሠራ።

«ይኸው!» አለ አምስተኛ፣ ከመቀመጫው እየዘለለ። «ይኸው እማማ፣ ሞተች! ተመስገን!»

«አንተ ልጅ፣ መኪናዬ ሞታብኝ ምኑ ነው ተመስገኑ?» አሉ መሪውን የያዙት ሴትዮ።

«በሽተኛ ጤነኛ ሆኖ ሲመጣ ሐኪም ምን ያደርጋል? ጋራዥ ስትመጣ ከእኔ የበለጠ ጤነኛ ናት። በሽታዋን እጅ ከፍንጅ ነው የያዝኩት!»

አምስተኛ መካኒክ ነው። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው። ሌላው ሰው ሲያወራ በአንደኛ ማርሽ ተነስቶ፣ ሁለተኛ አስገብቶ፣ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ እሱ ግን አፉን ሲከፍት ከመነሻው አምስተኛ ማርሽ ላይ ነው። ሃምሳ ዓመቱ ነው፤ በራሱ ቆጠራ ግን የሠላሳ ዓመት ጉልበት፣ የሰባ ዓመት ልምድ አለው። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ የጭነት መኪና ሞተር በባዶ እጁ አንስቷል። ቀኑን ስትጠይቁት ቀኑ ይለያያል፤ ሞተሩ ግን በየዓመቱ እየከበደ ይሄዳል።

መሪ የያዙት እማማ አዋላጅ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ ሰባ ስድስት ሞልቷቸዋል። የሰፈሩ ግማሽ ሕዝብ ወደዚህ ዓለም የገባው በሳቸው እጅ ነው፤ አምስተኛም አንዱ ነው። በዚህ ጉዳይ የሚኮራው ኩራት አይጣል ነው። ሲወለድ አምስት ኪሎ ተኩል እንደነበረ፣ እንደ ሌላው ሕፃን ሳያለቅስ እየሳቀ እንደወጣ፣ ለደንበኛም ለአላፊ አግዳሚም ይናገራል። እማማ አዋላጅ ይህን ሲናገር በሰሙት ቁጥር ዝም ይላሉ።

ዝም ማለት ልማዳቸው ነው። ሥራቸውን የሚሠሩት በሚዛን ነው። ዛሬም ከዳገቱ ማዶ የወለደች ሴት ካለች፣ እኩለ ቀን ላይ እሜቴን አስነስተው ይሄዳሉ፤ ከኋላ ዕቃ መያዣዋ ውስጥ የሕፃናት መመዘኛቸው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሕፃኑን ያስቀምጣሉ፣ መርፌው እስኪረጋ ይጠብቃሉ፣ መርፌው ያለውን ይናገራሉ። አንዲት እናት «ትንሽ ጨምሩበት፣ አማቴ እንዳትናገረኝ» ብትላቸው፣ «ጡት ጨምሪበት» ብለዋት ሄደዋል።

እሜቴ የወተት መልክ ያላት፣ ዓይነ ክብ አሮጌ መኪና ናት፤ አምስተኛን በሁለት ዓመት ትበልጠዋለች። እማማ አዋላጅ ወጣት ሳሉ ነው የገዟት። ጉልበታቸው ከዳገት ጋር ከተጣላ ሰባት ዓመት አልፎታል፤ ስለዚህ እሜቴ ለሳቸው መኪና ብቻ አይደለችም፣ እግራቸው ናት። እና ይህች እግር ሁለት ወር ሙሉ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ እዚያው ዳገት ወገብ ላይ እየቆመች አስቸገረቻቸው። አርባ ደቂቃ ትቆማለች። ከዚያ ምንም እንዳልሆነች በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ጋራዥ ስትወሰድ ደግሞ መምህሩ ሲገባ እጁን አጣምሮ እንደሚቀመጥ ረባሽ ተማሪ ጭምት ትሆናለች።

ልጃቸው ባንክ ነው የሚሠራው። አሥራ አንድ ጊዜ መስኮቱን ዘግቶ፣ ደንበኛ አሰልፎ፣ መኪና ሊያስጎትት ዳገት ወጥቷል። በአሥራ ሁለተኛው ትዕግሥቱ አለቀ።

«እማዬ፣ ይብቃሽ» አላቸው። «አሮጌ ብረት የሚገዛ ሰውዬ አነጋግሬያለሁ። ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት በጭነት መኪና ይመጣል።»

እማማ አዋላጅ አሰቡበት። «ረቡዕ ዳገቱን ሳትቆም ወጥታ ከተመለሰች ትቀመጣለች» አሉ። «ካልሆነ ይውሰዳት።» የተናገሩትን አጥፈው አያውቁም።

ለዚህ ነው እማማ አዋላጅ ረቡዕ ጠዋት ወደ አምስተኛ ጋራዥ የመጡት። ለዚህም ነው አምስተኛ፣ መኪናዋ በሽታዋን እስክታሳይ ድረስ፣ አብሯቸው ዳገት የወጣው። ከኋላ መቀመጫ ላይ ደግሞ የጎረቤት ሱቅ ኤሌክትሪሺያን፣ ብልጭታ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን አቅፎ ተቀምጧል። ብልጭታ ቀጭን ሰው ነው፣ ንግግሩም እንደሱ። በሱ እምነት የዓለም ችግር ሁሉ ከኤሌክትሪክ ነው፤ ጥርሱን ላመመው ሰው እንኳ «ገመድህ ላልቶ ይሆናል» ይላል።

ሦስቱም ወረዱ። አምስተኛ ኮፈኑን ሲከፍተው የወጣው ግለት ቅንድቡን ለበለበው።

«ቦቢናዋ ናት» አለ ብልጭታ። «ለካንዴላ እሳት የሚሰጠው እሱ ነው፤ ሲሞቅ ይሞታል፣ ሲበርድ ይነሳል። ቦቢና እንዲህ ነው።»

«ቦቢና!» አለ አምስተኛ እየሳቀ። «አንተ ሚስትህ ብትኮርፍ ቦቢናዋ ነው ትላለህ።»

«አንድ ጊዜ ብያለሁ።»

«እና?»

«ሳምንት ሙሉ ምሳዬን ሱቅ ነው የበላሁት።»

ብልጭታ የአንዱን ካንዴላ ገመድ ነቀለ፣ ጫፉን ወደ ብረት አስጠጋ፣ እማማ አዋላጅ ቁልፉን እንዲያዞሩ ለመናቸው። ዞረ። ከገመዱ ጫፍ የዘለለው እሳት ክንድ ያህል ነበር፤ መብረቅ የመሰላቸው መንገደኞች ዣንጥላ ዘረጉ። ብልጭታ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተወረወረና እጁን እያራገፈ ተነሳ።

«አለ» አለ። «ኤሌክትሪክ አለ።»

«በቂ ነው?»

«ለእኔ በቂ ነው።»

ኤሌክትሪኩ ነጻ ወጣ። ቀረ ቤንዚን። የቤንዚን ጋኗ እንደሆነ ጠዋት ነው የሞላው፤ የልቧን ያህል ጠጥታለች። አምስተኛ ጎንበስ ብሎ ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ትንሿን የመስታወት ፊልትሮ አየ። ደረቅ ናት። ግርጌዋ ላይ የቀረችው አንድ ጭላጭ ቤንዚን አረፋ ትደፍቃለች፤ ጠብ፣ ጠብ ትልና አረፋዋ ብቅ ይላል።

እዚህ ላይ ነው የአምስተኛ ታላቅነት የታየው። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ዓይኑን ጨፈነ። እጁን ወደ ሰማይ አነሳ።

«ጸጥታ!» አለ።

ሁለት መቶ መኪና ጸጥ አለ። ቁራዎቹ ቆሙ።

«ይሰማኛል» አለ አምስተኛ። «እየፈላ ነው። ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ እየፈላ ነው!»

«ቤንዚን ይፈላል እንዴ?» አለ ከተሰበሰበው ሰው አንዱ።

«እንዴታ! ከውሃ ቀድሞ ነው የሚፈላው። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል። ፖምፓው ደግሞ የሚገፋው ፈሳሽ ነው፤ እንፋሎት ሲመጣበት አየር እንደሚያኝክ ሰው ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቢያኝክ ጠብ የሚል የለም። ሞተሯ የሞተችው በጥማት ነው፣ ያውም ጋኗ ሙሉ ሆኖ! አርባ ደቂቃ ስትቆም ይበርዳል፣ እንፋሎቱ ተመልሶ ቤንዚን ይሆናል፣ ትነሳለች። እማማ፣ መኪናዎ ትኩሳት ይዟታል! ሻርፕዎን ይስጡኝ!»

እማማ አዋላጅ ሻርፓቸውን ከአንገታቸው ፈቱ። የመጠጥ ውሃቸውንም አቀበሉ። አምስተኛ ሻርፑን ነክሮ፣ በፖምፓው ላይና ከፖምፓው ወደ ካርብሬተሩ በምትሄደው ቱቦ ላይ፣ በሽተኛ ግንባር ላይ እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ አድርጎ አስተኛው። ጭስስስ! እንፋሎቱ ተነስቶ ፀሐይዋን ጋረዳት። ለአንድ አፍታ ጥላ ሆነ፤ ሕዝቡ «እሰይ» አለ።

«ያስነሱ!»

እማማ አዋላጅ ቁልፉን አዞሩ። እሜቴ አንድ ጊዜ ሳለች፣ አሰበችበት፣ ከዚያ እንደ ድመት ማንኮራፋት ጀመረች። ጭብጨባው ሌላ ነው። አንዲት ሴት ለአምስተኛ ውሃ አጠጣችው። አንድ ሽማግሌ «እንዲህ ያለ ሰው በዘመናችን አለ?» ብለው ጠየቁ፤ አምስተኛም ላለመዋሸት ወስኖ «አለ» አላቸው።

ወደ ጋራዥ ሲመለሱ አምስተኛ በመስኮት ወጥቶ ለሕዝቡ እጁን ያውለበልብ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ግባ» አሉት እማማ አዋላጅ። «እርጥብ ጨርቅ ትኩሳት ያበርዳል እንጂ በሽታ አያድንም። ምን አስታመማት?»

አምስተኛ ራሱን ከመስኮቱ መልሶ ማሰብ ጀመረ፤ በሕይወቱ ሁለተኛ ጊዜው ነው። የመጀመሪያውን ራሱም አያስታውሰውም። ከሁለት ወር በፊት ይህች መኪና ይሄንኑ ዳገት በየቀኑ ትወጣ ነበር። ፀሐዩም ያው፣ ዳገቱም ያው፣ ሞተሩም ያው። ታዲያ ምን ተለወጠ?

ጋራዥ ደርሰው ሞተሯን ሳያጠፉ ኮፈኑን ዘግተው ጠበቁ። እሜቴ በደንብ እንድትግል ነው። ከዚያ አምስተኛ ኮፈኑን ከፈተና፣ ጣቱን በውሃ እየነከረ፣ ከቤንዚን ጋኑ የሚመጣው መስመር ላይ አንድ አንድ ጠብታ ማንጠባጠብ ጀመረ። ፖምፓው ላይ ጠብታዋ አርፋ ቁጭ አለች። ፊልትሮዋ ላይም እንዲሁ። ከዚያ ወዲያ ቱቦዋ ትጀምራለች።

ስለዚህች ቱቦ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። የመዳብ ቱቦ ናት። እንደ አንገት ሐብል ታብረቀርቃለች። ሦስት ቦታ ላይ ትታጠፋለች፣ መታጠፊያዎቿ ከቀለበት ይበልጥ የተስተካከሉ ናቸው። ኮፈን ተከፍቶ ያያት ሰው ሁሉ «አቤት ሥራ!» ይላል። ይህን ያህል ስለምታምር አንድም ሰው ጠርጥሯት አያውቅም።

አምስተኛ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ጠብታ ጣለ። ጠብታዋ ቀስ ብላ ደረቀች። ሁለተኛው ላይ ጣለ። ፍስስ አለችና ጠፋች። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ግን ጠብታዋ ገና ሳትነካው «ጭስ» ብላ ዘለለች። አምስተኛ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገባ። እዚያ ላይ፣ ለውበት ሲባል ሰፋ ተደርጋ የታጠፈችው መዳብ፣ ከሞተሩ ጭስ ከሚወጣበት የጋለ ብረት በአንድ ጣት ርቀት ነው የምታልፈው። መዳብ ደግሞ ሙቀት ከሰጡት እንደ ወሬኛ ሰው ነው፣ ለራሱ አያስቀርም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዳርሰዋል።

«አገኘኋት!» ብሎ ጮኸ አምስተኛ። «ቤንዚን በምድጃ ላይ ነው የሚያልፈው! የማነው ይሄ ሥራ? የትኛው ጥራዝ ነጠቅ፣ የትኛው ማሰብ የተሳነው፣ የትኛው ለዓይን ብሎ ሞተር የሚገድል ነው እንዲህ ያጠፈው?»

ብልጭታ ጣሪያውን አየ። እማማ አዋላጅ ቦርሳቸውን ከፍተው መነጽራቸውን ይወለውሉ ጀመር።

አምስተኛ ሰውየውን እየረገመ ቱቦዋን ፈታት። በምትኳ የቤንዚን ላስቲክ ቱቦ በሌላኛው ጎን፣ ከጋለው ብረት ክንድ ያህል አርቆ አሳለፈ። ለጥንቃቄ ደግሞ ከባዶ የዘይት ቆርቆሮ ጋሻ ቆርጦ በመሀል አቆመ። ይህን ሁሉ የፈጸመው በአሥራ አንድ ደቂቃ ነው፤ እጁ በፍጥነቱ ምክንያት አይታይም ነበር።

ከዚያ ወደ ዳገቱ። እሜቴ ወገቡን አለፈች። ሳልም የለም። አናቱ ላይ ሲደርሱ አምስተኛ «ያጥፏት» አለ።

«ለምን ይጠፋል? ወጣች እኮ» አለ ብልጭታ።

«ስትሄድ ነፋስ ያበርዳታል። ቆማ፣ ኮፈኗ ተዘግቶ፣ በራሷ ግለት ስትታመቅ ነው ፈተናው። ሩብ ሰዓት እንጠብቃለን። ከዚያ ከተነሳች ድናለች። ካልተነሳች...»

«ካልተነሳች አሥራ አንድ ሰዓት ነው» አሉ እማማ አዋላጅ።

ያ ሩብ ሰዓት ረጅም ነበር። በታንከሩ ጥላ ሥር ሦስቱም ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከታች ከተማው በሙሉ ይታያል፤ ጣሪያው፣ ልብስ የተሰጣበት ሽቦው፣ አንድ ቦታ ላይ የጋራዡ ሰማያዊ በር። እማማ አዋላጅ በጣታቸው እያመለከቱ «እዚያ መንታ፣ እዚያ ሴት፣ እዚያ በእግሩ የመጣ» እያሉ ቤቶቹን ቆጠሩ። ከዳገቱ ማዶ ያሉትን ሲቆጥሩ ድምፃቸው ዝግ አለ። አምስተኛ ያን ጊዜ አንድም ቁጥር አልጨመረበትም። ይሄም እውነት ነው።

ጊዜው ደረሰ። መኪና ውስጥ ገቡ። እማማ አዋላጅ ቁልፉን ከማዞራቸው በፊት መሪውን በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉ፤ ምጥ የያዛትን ሴት እንደሚያበረታቱት። አዞሩ።

እሜቴ ተነሳች። ሳትስል፣ ሳትለመን ተነሳች።

ብልጭታ አምስተኛን አቀፈው። አምስተኛ እማማ አዋላጅን ሊያቅፍ ሲል መሪው ላይ ተደግፎ ጡሩምባው ጮኸ፣ ከታንከሩ ላይ እርግቦች ተነሱ፣ እማማ አዋላጅ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጋራዡ በር ላይ ደረሱ። ልጃቸውና አሮጌ ብረት ገዢው ከጭነት መኪናው አጠገብ ቆመዋል። ገዢው የእሜቴን ድምፅ ሲሰማ ባርኔጣውን አወለቀ። ሠላሳ ዓመት ብረት ሲገዛ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም፤ ተንበርክኮ የፊት ጎማዋን ሳመ፣ አለቀሰም።

«ይሄ ብረት አይደለም» አለ። «ነፍስ ነው። ነፍስ አልገዛም።» ቀጥሎም፣ «እማማ፣ የልጅ ልጄ ከተወለደች ሳምንቷ ነው። ቤታችን ከዳገቱ ማዶ ነው። ይመዝኑልኛል?»

ልጃቸው አንድ ጊዜ እናቱን አየ፣ አንድ ጊዜ መኪናዋን። ከዚያ ከረባቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተና ከኋላ መቀመጫ ላይ ገባ፤ ሚዛኑንም ጭኑ ላይ አቀፈ።

ታሪኩ እስከዚህ ድረስ፣ አምስተኛ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ውስጥ ለተሰበሰበው ሰው እንደተረከው ነው። ጎማ ጠጋኙ ነበር፣ ዳቦ ሻጯ ነበረች፣ ሁለት ታክሲ ነጂዎች ሻያቸውን ይዘው ግድግዳ ተደግፈው ነበር። ብልጭታ በሩ ላይ ቆሟል። ያቺ የመዳብ ቱቦ ግድግዳው ላይ በሚስማር ተሰቅላለች፤ ከሥሯ በጠመኔ «ያልታወቀ መካኒክ ሥራ» ተብሎ ተጽፏል።

እማማ አዋላጅም ነበሩ። ዘይት ሊያስለኩ መጥተው፣ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ከመጀመሪያው መሐላ ጀምረው እየሰሙ ነበር። አምስተኛ እንዳላያቸው ሆኖ ነው የተረከው፤ ሲጨርስ ግን ሁሉም ወደሳቸው ዞሩ።

«እውነት ነው እማማ?» አለ ጎማ ጠጋኙ።

እማማ አዋላጅ ትንሽ ቆዩ። መርፌው እስኪረጋ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

«መኪናዋ ድናለች» አሉ። «ብረት ገዢውም የልጅ ልጁን አስመዝኗል። ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ።»

«ሌላውስ?»

«ሌላውማ...» አሉ በዝግታ፣ ማንንም ለመክሰስ ባልፈለገ ድምፅ። «ሙቀት አልነበረም። እኔ ሹራብ ደርቤ ነበር። ከኋላችን የቆሙት ሁለት መኪናና አንድ የእጅ ጋሪ ናቸው። ጋሪው ጡሩምባ የለውም።»

ታክሲ ነጂዎቹ ሻያቸው ትን አላቸው።

«ትኩሳት ያልኩት እኔ ነኝ፤ እጄን ኮፈኑ ላይ ባሳረፍኩ ጊዜ። እሱ ያን ሰዓት ካርብሬተሩን ፈትቶ ሊጥለው ነበር። ጨርቁን የነከርኩትም እኔ ነኝ፣ ሰው ሲግል የማውቀው እሱን ስለሆነ። ከዚያ በኋላ ግን ቤንዚኑ መፍላቱን የነገረኝ እሱ ነው፣ ያንን አልወስድበትም። በጠብታ እየፈለገ ያገኘውም እሱ ነው። ሥራው አሥራ አንድ ደቂቃ አልነበረም፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ቆርቆሮውን ሁለቴ አበላሽቶታል። ብረት ገዢው ጎማ አልሳመም። የጫማውን ክር ሊያስር ነው ጎንበስ ያለው።»

«ቱቦዋንስ?» አለ ብልጭታ ከበሩ። ሆነ ብሎ ነው የጠየቀው። «እንዲህ አድርጎ ያጣጠፋት ሰው ማነው?»

እማማ አዋላጅ ብልጭታን ቆጣ ብለው አዩት። ግን ተጠይቀዋል፤ የተጠየቁትን ደግሞ ይመልሳሉ።

«እሱ ነው» አሉ። «ሰባ ስድስት የሞላኝ ቀን፣ ሁለት ወር ሆነው፣ ስጦታ ብሎ አመጣልኝ። አሮጌዋን የላስቲክ ቱቦ ለእሜቴ አትመጥንም ብሎ ነው። ሦስት ቀን አጥፏታል፣ ሦስት ቀን ወልውሏታል። መኪናዬ መቆም የጀመረችው ከማግስቱ ነው።»

«ታዲያ ያኔውኑ አይናገሩም ነበር?» አለች ዳቦ ሻጯ።

«ስጦታ ይጠረጠራል እንዴ ልጄ? ረቡዕ ዕለት ሰውየውን ሲሳደብ ነው እኔም የገባኝ።» ከዚያ፣ ነገሩን ከጀመሩት አይቀር ጨርሰው ለመገላገል ያህል፣ «ሲወለድም አልሳቀም» አሉ። «አልቅሶ ጎረቤት ቀስቅሷል። ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ ነበር።»

ጋራዡ በሳቅ ተናጋ። ይህ ያልተጋነነ ነው፤ ከመደርደሪያው አንድ ብሎን ወድቋል። አምስተኛ ከሁሉም በላይ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቀስ በቀስ ማርሽ እየቀነሰ፣ ከአምስተኛ ወደ ሦስተኛ፣ ከሦስተኛ ወደ አንደኛ፣ መጨረሻ ላይ ቆመ።

ተነስቶ ወደ ግድግዳው ሄደ። ቱቦዋን ትንሽ አያት። አሁንም ታምራለች። በእጅጌው «ያልታወቀ መካኒክ» የሚለውን ጠረገና ጠመኔውን አንስቶ፣ በዚያው ቦታ፣ ከነበረው ፊደል አነስ አድርጎ «የአምስተኛ» ብሎ ጻፈ። ሳቁ በረደ።

ተመልሶ እማማ አዋላጅ አጠገብ መሬት ላይ ቁጢጥ አለ።

«እማማ።»

«ወይ።»

«እንዲያው... ሦስት ኪሎ ቢሉኝ ምን ይጎዳዎታል?»

እማማ አዋላጅ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ በማንም ልጅ ላይ አንዲት ግራም ጨምረው አያውቁም። ግድግዳው ላይ የተጻፈውን አነበቡ። ከዚያ ሃምሳ ዓመት ያወቁትን ፊት አዩት።

«ሁለት ከዘጠኝ መቶ» አሉ።